የፓዝ ዝርዝርን መቀየር የመልክ ጉዳይ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ቨርቹዋላይዜሽን (በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ምናባዊ ኮምፒውተሮችን ስለማስኬድ) በተደረገ ውይይት ላይ አንድ ነባር መሐንዲስ የተናገረው ነገር ደሜን አፍልቶታል። «የስቶሬጅ ፓዝ ዝርዝር ለሰው ዓይን የተሠራ ነው። በሱ ላይ ስክሪፕት የጻፈ ሰው አፕግሬድ ሲመጣ ቢበላሽበት ጥፋቱ የራሱ ነው» አለ። ብዙዎቹም ተስማሙ። ፓዝ ማለት ሰርቨሩ ስቶሬጅ ላይ ወዳለው ዲስክ የሚደርስበት መንገድ ነው፤ አንድ ዲስክ ብዙ ሊኖረው ይችላል።

እሺ፣ ስክሪፕቱን (ዝርዝሩን በራሱ የሚያነበውን ፕሮግራም) እንተወው። ስለ ዓይኑ እናውራ።

የቪኤምዌር የቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌር በሆነው ኢኤስኤክስ 3.5 ላይ ፓዞቹን ለመዘርዘር «ኢኤስኤክስሲኤፍጂ-ኤምፓዝ -ኤል» ስንል ዝርዝሩ በዲስክ በዲስክ ይመጣል። የዲስኩ ስም፣ መጠኑ፣ የፓዙ ብዛት፣ ፖሊሲው (መረጃው በየትኛው ፓዝ እንደሚሄድ የሚወስነው ደንብ)፣ ሁሉም አንድ መስመር ላይ። ፓዞቹ ከሥሩ ይደረደራሉ። አራት ፓዝ ሊኖረው የሚገባ ዲስክ ሁለት ብቻ ከቀረው ወዲያው ይታያል። በ2009 ኢኤስኤክስ 4 መጣ። ትእዛዙ ያው፣ «-ኤል» ያው፤ የሚወጣው ግን ሌላ። አሁን ዝርዝሩ በፓዝ በፓዝ ነው፤ ለእያንዳንዱም ብዙ መስመር አለው። ብዛቱን ራስህ ቁጠር። በዲስክ የተሰበሰበው ወደ «-ቢ» ተዛውሯል።

ይህስ ይለመዳል። ጨርሶ የማይዋጥልኝ «አክቲቭ» የሚለው ምልክት ነው። በ3.5 የሚሠራ ፓዝ ሁሉ «ኦን» ነው። «አክቲቭ» የሚጨመርበት መረጃው በዚያ ሰዓት የሚያልፍበት ፓዝ ብቻ ነው። በ4 ግን መረጃ ለማሳለፍ ዝግጁ የሆነ ሁሉ «አክቲቭ» ተባለ። በአሮጌው የሠለጠነ ሰው አራት «አክቲቭ» ሲያይ ጭነቱ ለአራቱም ተከፋፍሏል ብሎ እፎይ ይላል። ፖሊሲው ፊክስድ (በአንድ የተመረጠ ፓዝ ብቻ የሚጠቀም) ከሆነ ግን ሁሉም ነገር በአንዱ ላይ ነው የሚሄደው። እዚህ ላይ የተታለለው ማነው? ያ የተባለለት የሰው ዓይን ራሱ!

ደግሞስ ይህን ዝርዝር ሰው መቼ ነው የሚያየው? ስዊች ሲወድቅ፣ ዳታስቶር (የምናባዊ ኮምፒውተሮቹ ፋይሎች ማከማቻ) ሲጠፋ፣ ስልክ በሌሊት ሲጮህ ነው። በዚያ ሰዓት ማንም መመሪያ አያገላብጥም። ዓይኑ የለመደውን ይፈልጋል። ሆስቶች (ኢኤስኤክስ የሚሠራባቸው ሰርቨሮች) ሁሉ ደግሞ በአንድ ቀን አፕግሬድ አይደረጉም። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይቆያሉ። አንዱን ፓዝ በሁለቱ ላይ ላመሳክር ስትል አንደኛው «ቪኤምኤችቢኤ1:0:3» ይልሃል፣ ሌላው «ቪኤምኤችቢኤ1:ሲ0:ቲ0:ኤል3»። እንቅልፍ ለተጫነው ሰው ይህ ግፍ ነው።

አምራቾቹ በ4 ላይ ዲስኩን በኤንኤኤ መለያው (ከፓዙ ጋር ባልታሰረ የራሱ መለያ) መጥራታቸው ትክክል ነው፤ የድሮው ስም ከፓዙ ጋር የታሰረ ነበር። አዲስ መረጃ ይምጣ፣ ማንም አይጠላም። አዲስ ትእዛዝ ይሰጠው እንጂ በአሮጌው ስም ተሸፍኖ አይግባ።

በ2011 የኢኤስኤክስ ተተኪ የሆነው ኢኤስኤክስአይ 5 ሲመጣ ፓዞችን የሚያስተዳድረው ትእዛዝ «ኢኤስኤክስሲኤልአይ ኤንኤምፒ» ቀርቶ «ኢኤስኤክስሲኤልአይ ስቶሬጅ ኤንኤምፒ» ሆነ። ያኔም ብዙ ሰው አማረረ። እኔ ግን ያንን ለውጥ መቶ ጊዜ እመርጣለሁ። አሮጌውን ስትጽፍ ትእዛዙን አላውቀውም ብሎ ይመልስሃል። ስህተትህን እዚያው ታውቃለህ። ዝም ብሎ ሌላ ነገር የሚነግርህ ነው አደገኛው።

የምልክቱ ትርጉም ከተቀየረ ስሙም ይቀየር። ይህን የማይፈልግ አምራች የአሮጌውንና የአዲሱን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጎ በአፕግሬድ መመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያውጣ።