የሐኪምን ሥራ በመጠይቅ መለካት ይብቃ

ስለ ሐኪሞች የሥራ ጫና ክርክር ሲነሣ የሚቀርበው ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ ከመጠይቅ የተገኘ ነው። «በቀን ስንት ታካሚ ያያሉ? ለአንዱ ስንት ደቂቃ ይሰጣሉ? ጊዜዎን በብዛት የሚወስደው ምንድን ነው?» ይባላል፤ መልሱ ይደመርና ሠንጠረዥ ይሆናል። በሠንጠረዡ ላይ ተመሥርቶ ቅጥር ይፈቀዳል፣ የተረኞች ድልድል ይወጣል፣ የኮምፒውተር መዝገብ ይገዛል። መጠይቅ ለአስተያየትና ለስሜት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ሐኪሙ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ከጠዋት እስከ ማታ እየተቋረጠ የዋለበትን ቀን በደቂቃ ከፋፍሎ ሊያስታውስ አይችልም። የሚያስታውሰው የከበደውን ነው፤ ጊዜውን የበላበት ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ጊዜው የት እንደሚሄድ ከመጠይቅ ይልቅ በምልከታ አሳይቷል። ተመልካቾች 57 ሐኪሞችን በሥራ ሰዓታቸው እየተከተሉ 430 ሰዓት መዘገቡ። ከታካሚ ጋር ፊት ለፊት የዋለው ጊዜ 27 በመቶ ሲሆን፣ ኤሌክትሮኒክ መዝገቡና የጠረጴዛ ሥራው 49 በመቶውን ወስዷል፤ ታካሚ ላገኘው አንድ ሰዓት መዝገቡ ሁለት ሰዓት ገደማ አግኝቷል ማለት ነው። ጥናቱ ሲጠቀስ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሐኪሞቹ ማታ ማታ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ተጨማሪ እንደሚሠሩ የሚናገረው ቁጥር የመጣው ከፊሎቹ ራሳቸው ከያዙት ማስታወሻ እንጂ ከምልከታ አይደለም። ሁለቱን ቁጥሮች እኩል ክብደት ሰጥቶ በአንድ ትንፋሽ መጥቀስ አይገባም።

ከጊዜው ይልቅ የሚያሳስበው ደግሞ በዕውቀትና በተግባር መካከል ያለው ርቀት ነው። በሕንድ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ጂሽኑ ዳስና ባልደረቦቹ ባካሄዷቸው ጥናቶች ሐኪሞች ለአንድ የሕመም ታሪክ ምን ጥያቄ እንደሚጠይቁና ምን ምርመራ እንደሚያደርጉ ተጠየቁ፤ ከዚያም ታካሚ ፊት ሲቀመጡ የሚያደርጉት ታየ። በተግባር ያደረጉት እናውቃለን ካሉት በእጅጉ ያንሳል። የዚህ ትርጉም ለሥልጠና በጀት ለሚያወጣ ሰው ከባድ ነው። ጉድለቱ ዕውቀት ላይ ከሆነ ሥልጠና ይሞላዋል፤ ዕውቀቱ እያለ ሥራው ካልተሠራ ግን ሌላ ዙር ሥልጠና ገንዘብ ከመጨረስ አያልፍም። የትኛው እንደሆነ የሚለዩት ያዩ ሰዎች ብቻ ናቸው።

ማየት ግን ሰዓት ይዞ መከተል ማለት አይደለም። አንዲት ደቂቃ እንውሰድ። ሐኪሟ ዋርድ ውስጥ የታካሚውን ሆድ እየዳሰሰች ነው። ነርሷ የመውጫ ወረቀት እንድትፈርም ትጠይቃታለች፤ እጇን ሳታነሣ «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪልኝ» ትላታለች። ስልኳ ይጠራል። ላቦራቶሪ ነው፤ የሌላ ታካሚ ፖታስየም ከፍ ብሏል። ቁጥሩን መዳፏ ላይ ጽፋ ወደዚያኛው አልጋ ትሄዳለች። ስትመለስ ሆዱን ከመጀመሪያው ጀምራ ትዳስሳለች።

ይህን «ምርመራ፣ አንድ ደቂቃ» ብሎ ያሰፈረ ተመልካች ዋናውን ነገር ጥሎታል። ለእያንዳንዱ ሥራ ምን ተሠራ፣ ከማን ጋር፣ የት፣ በምን መሣሪያ የሚለው መያዝ አለበት። ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ከተሠራ ሁለቱም ይመዘገባሉ። መቋረጥም የራሱ መስመር ይኖረዋል፤ ማን አቋረጠ፣ ለምን፣ ወደ ቀድሞው ሥራ መመለስ ተቻለ ወይ። አውስትራሊያ ውስጥ በጆሐና ዌስትብሩክ የሚመራው ቡድን ያዘጋጀው ዎምባት የተሰኘ ዘዴ የሚሠራው በዚህ መልክ ነው። በዚህ አሠራር የሥራዎቹ ጊዜ ድምር ከ100 በመቶ ሊያልፍ ይችላል፤ «ስሕተት ነው» ብሎ ለማስተካከል የሚቸኩል የመረጃ ባለሙያ ጥናቱን ያበላሻል።

ከመስክ በፊት የሚሠራው ሥራ ከመስኩ ይረዝማል። እያንዳንዱ የሥራ ዓይነት የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ በጽሑፍ መወሰን አለበት። ራውንድ ላይ፣ ማለትም ሐኪሞች በየአልጋው እየዞሩ ታካሚዎችን ሲያዩ፣ ለተማሪዎች እያስረዱ መመርመር ማስተማር ነው ወይስ ሕክምና? ካርድ እየፈለጉ መሄድስ? ቀጥሎ ሁለት ተመልካቾች አንድ ሐኪም ተከትለው ለየብቻ ይመዝግቡና ስምምነታቸው በካፓ ይለካ፤ ይህ የሁለት ሰዎች መዝገብ በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ ምን ያህል እንደሚገጥም የሚያሳይ ቁጥር ሲሆን ፍጹም ስምምነት 1 ነው። ከ0.8 በታች ከሆነ ወደ ዋናው ጥናት ባይገባ ይሻላል። «ሌላ» የሚለው ሳጥን ከዐሥር አንድ በላይ ከያዘ አመዳደቡ እንደገና ይታይ። አንድ ተመልካች በተከታታይ ከሁለት ሰዓት ብዙ ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ሲደክም መጀመሪያ የሚያመልጡት አጫጭር ክስተቶች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ የምንፈልጋቸው መቋረጦች ናቸው።

የታየ ሰው ባሕርዩ ይለወጣል የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው። በእጅ መታጠብ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ተመልካች ሲኖር የሚታጠበው ሰው ይበዛል። መድኃኒቱ መላመድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜዎች መረጃ ከትንተና ይውጣ፤ ተመልካቹ ነጭ ጋውን አይልበስ፣ ወሬ አይጀምር፣ ታካሚ ልብሱን ሲያወልቅ ይውጣ። ስም ያለበት መዝገብ ለዋርዱ ኃላፊ እንደማይደርስ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ቃል ይገባ። ይህ ቃል ከተጠረጠረ ሐኪሞቹ ለተመልካቹ ብለው መሥራት ይጀምራሉ።

ናሙናው ላይ ያለው ጉድለት በጣም ያሳዝነኛል። አብዛኛው ምልከታ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ብቻ ይካሄዳል፤ ምክንያቱም ተመልካቹም የሚሠራው በዚያን ጊዜ ነው። ሌሊት አንድ ተረኛ ብዙ ዋርድ የሚሸፍንበት፣ የፈረቃ ርክክብ በጥድፊያ የሚያልፍበት ሰዓት ባዶ ይቀራል።

ወረቀት ሥራን እንደማይተካ የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት ታሪክም ይነግረናል። የዓለም ጤና ድርጅት 19 ነጥቦች ያሉትን ዝርዝር በስምንት ከተሞች ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ውጤት ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ በ101 ሆስፒታሎች ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም፤ ሆስፒታሎቹ ዝርዝሩን በሚገባ እንደሚጠቀሙ ሪፖርት አድርገው ሳለ። ለልዩነቱ ከአንድ በላይ ማብራሪያ ተሰጥቷል። ሆኖም ሳጥኑ ላይ የተደረገው ምልክት ቡድኑ በእርግጥ ቆሞ፣ የታካሚውን ስምና የሚቀደደውን ቦታ ጮክ ብሎ አረጋግጦ እንደሆነ አይነግረንም።

ውጤቱ ከመታተሙ በፊት ለታዩት ሐኪሞችና ነርሶች ይቅረብ፤ የትኛው ቀን እንግዳ እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አማካይ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ በሰዓት ተከፋፍሎ ይውጣ። የስልክ ጥሪው የሚበዛው ራውንድ ላይ ከሆነ፣ አስቸኳይ ያልሆኑ የላቦራቶሪ ውጤቶች ከራውንድ በኋላ እንዲነገሩ ማድረግ አዲስ ቅጥርም አዲስ ማሽንም አይጠይቅም። ከለውጡ በኋላ ያው ዋርድ፣ በዚያው ቅጽ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ዳግም ይታይ።