ጉዳዩ ከላይ ወይስ ከታች?

የክርክሩ ርእስ «ማመልከቻም ሆነ ሪፖርት ሲጻፍ ዋናው ሐሳብ ይቅደም ወይስ ታሪኩ?» የሚል ነው። ተከራካሪዎቹ በሰሜን ሸዋ በአንድ ወረዳ የሚሠሩ የውኃ ባለሙያና መሐል ሜዳ የሚኖሩ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር ናቸው።

ባለሙያዋ፦ አምና ሦስት ገጽ ማመልከቻ ደረሰኝ። የመጀመሪያው ገጽ መንደሩ እንዴት እንደተቆረቆረ ይተርካል። ሁለተኛው በኅዳር ውርጭ ስለተመታው ገብስ ያዝናል። የእጅ ፓምፑ ይጠገንልን የሚለው ቃል የተገኘው በሦስተኛው ገጽ፣ ከፊርማው በላይ ነው። አንባቢ ጊዜ የለውም። መጀመሪያ የሚፈለገው ይነገር፣ ምክንያቱ ይከተል። ችግርም የሚፈታው ተከፋፍሎ ነው፤ ፓምፕ ውኃ እንቢ ካለ ወይ ጉድጓዱ ደርቋል፣ ወይ ፓምፑ አይስብም፣ ወይ የተሳበው ውኃ በቧንቧው ቀዳዳ ይመለሳል። እንዲህ አስበን ስለሠራን ያ ፓምፕ ባለሙያ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ተጠግኗል።

መምህሩ፦ ልጄ፣ አማርኛ ራሱ ማሰሪያውን መጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። «ሰውየው በሬውን ገበያ አውጥቶ» ሲባል ሸጠው ወይስ መለሰው የሚለው በመጨረሻዋ ቃል ይታወቃል፤ እስከዚያ ታግሠን እንሰማለን። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የታወጀውን የዐፄ ምኒልክን የክተት አዋጅ ተመልከቺ። በእግዚአብሔር ቸርነት ይጀምራል፣ ጠላት ባሕር አልፎ መምጣቱን ያስረዳል፣ ይለምናል፣ ያስጠነቅቃል። የሸዋ ሰው በጥቅምት ወረኢሉ ይክተት የተባለው መጨረሻ ላይ ነው። አገሬው አልሰማም አለ? ደግሞ ልጠይቅሽ፤ ባለሙያው ለምን ሁለት ጊዜ ሄደ?

ባለሙያዋ፦ አዋጅ የሚነገረው በነጋሪት ነው። ነጋሪት ሲጎሰም ሕዝቡ አንድ ቃል ሳይሰማ ብርቱ ነገር እንደመጣ ያውቃል፤ ጉዳዩ ከላይ ተጽፎለታል ማለት ነው። በመንግሥት ደብዳቤ ላይ «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ከሐተታው በፊት የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው፤ መምህር ራስዎ ለስንት ተማሪ አስተምረውታል። «ልጄ» የሚለውን ደግሞ ለቤት እናቆየው።

መምህሩ፦ ይቅርታ እመቤቴ፣ ከእንግዲህ «እርስዎ» እላለሁ። ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። ሁለት ጊዜ? በጓሳ ብርድ፣ በሞተር ብስክሌት? ሦስት ገጽ ለማንበብ ጊዜ ያጣ መሥሪያ ቤት ለሁለት ጉዞ ጊዜውን ከየት አመጣው?

ባለሙያዋ፦ መጀመሪያ የጎማ ማሸጊያ ይዞ ሄደ፤ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ስለሆነ። ሲፈታው እጀታውን ጉድጓዱ ውስጥ ካለው የፓምፑ ክፍል ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ተለያይቶ ተገኘ። በየትኛውም ሥራ የሚያጋጥም ነው።

መምህሩ፦ እኔ የሰዋስው ሰው ነኝ፤ ግን ውኃ የቀዳሁበት ፓምፕ አለ። ዘንግ ሲለያይ እጀታው ይቀልላል። ማመልከቻው ስለ እጀታው ዝም አለ?

ባለሙያዋ፦ ዝም አላለም። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከገብሱ ቀጥሎ፣ ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ጀምሮ እጀታው ሕፃን የሚያወዛውዘው ሆነ ይላል። ይህማ የእኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው! ያ መስመር ከላይ ቢሆን ኖሮ ዘንግ ተይዞ ይኬድ ነበር።

መምህሩ፦ ማን መርጦ ከላይ ያድርገው? ገበሬው ጉድጓዱ ውስጥ ዘንግ መኖሩን አያውቅም። ያየውን በተራ ነገረዎት። ከገብሱ መካከል እጀታውን ለቅሞ ማውጣት የእርስዎ ሥራ ነበር፤ ደመወዝ የሚከፈልዎትም ለዚያ ይመስለኝ ነበር።

ባለሙያዋ፦ እንግዲህ ክርክሩ ስለ አጻጻፍ መሆኑ ቀርቶ ስለ ደመወዜ ሆነ። የአንዱን መንደር ታሪክ ከአዳም ጀምሬ ሳነብ የሌላው መንደር ሴት እንስራ አዝላ ወንዝ ትወርዳለች፤ እሷንም ያስቡልኝ። ለማንኛውም ከሰኞ ጀምሮ በራችን ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። ማመልከቻ የሚያመጣ ሁሉ መጀመሪያ ሦስት ነገር ይጽፋል፦ ምን ተበላሸ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እጀታው ሲጫኑት ይከብዳል ወይስ ይቀልላል። ታሪክ ያለው ከዚያ በታች እንደልቡ ይጻፍ።

መምህሩ፦ ሦስተኛዋ ጥያቄ ከየትኛው ገጽ እንደተቀዳች አንባቢ ይመዝግብልኝ።