ዙ ውስጥ የተወለደ ዱር አይመለስም? ይመለሳል እንጂ!

ወንድሜ፣ «ዙ የእንስሳት እስር ቤት ነው፤ እዚያ የተወለደ እንስሳ ዱር ቢለቀቅ በሳምንቱ ይሞታል» ብለሃል። ብዙ ሰው የሚለው ነው። ግን ልክ አይደለም።

የአረብ ሳላን እንይ። የአዋሽ ፓርኩ ሳላ ዘመድ ነው፤ መልኩ ግን ነጭ። በአደን ብዛት በ1972 ከዱር ጨርሶ ጠፋ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ደግነቱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ 9 ሳላዎች አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ባለው የፊኒክስ ዙ ተሰብስበው መራባት ጀምረው ነበር። የአሪዞና በረሃ ይስማማቸዋል።

መነሻው 9 ብቻ ሲሆን ትልቁ ስጋት ዘመድ ከዘመድ መዋለዱ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሳላ የዘር ሐረግ በመዝገብ ይያዛል። ወንዱ ከየትኛዋ ጋር እንደሚገናኝ የሚወሰነው መዝገቡ ታይቶ ነው። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው በለው።

ቀለቡም የዘፈቀደ አይደለም። ሳላ የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። ዋና ምግቡ ሣርና ድርቆሽ ነው፤ እህል ከበዛበት ሆዱ ይታመማል። ዙ ሄዳችሁ ዳቦ የምትወረውሩ፣ ይቺን ስሙልኝ!

በ1982 የእነዚህ ሳላዎች ዘሮች ኦማን በረሃ ተለቀቁ። መጀመሪያ እዚያው አጥር ውስጥ ቆይተው አገሩን ለምደዋል። ከተለቀቁ በኋላ አልሞቱም፤ ወለዱ፣ ተባዙ። በ2011 ዝርያው «ለመጥፋት የተቃረበ» ከሚባለው ደረጃ ወደ «ተጋላጭ» ተሻሽሏል።

በእርግጥ ኋላ ላይ የኦማኖቹ ቁጥር ክፉኛ አሽቆልቁሏል። ምክንያቱ ግን ዙ ውስጥ ማደጋቸው አይደለም። ከነሕይወታቸው እየያዙ የሚሸጧቸው ሕገወጥ አዳኞች ናቸው። ደግሞ ሁሉም ዙ እንዲህ ይሠራል አልወጣኝም።