ዶልፊኑ የሌለበት የዶልፊን ከተማ

በአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ፣ በኬሪ አውራጃ፣ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ በተዘረጋ ባሕረ ገብ መሬት ላይ የምትገኘው ዲንግል ሁለት ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ከሌሎች የጉብኝት ከተሞች የሚለያት ለእንግዳ ከምታቀርባቸው ነገሮች አብዛኞቹ የማይታዩ መሆናቸው ነው። ይህን የምለው ለማማት አይደለም። ሌላው ከተማ ያለውን እያሳየ ያስከፍላል፤ ዲንግል ግን የሌላትን እያወራች ታስከፍላለች፤ ከፋዩም ቅር ሲለው አይታይም።

ለዚህ ዋናው ማስረጃ ፈንጊ ነው። ፈንጊ እ.ኤ.አ. በ1983 ወደ ወደቡ አፍ ብቻውን መጥቶ እዚያው የቀረ ዶልፊን ነበር። ዶልፊን በተፈጥሮው ከመንጋው የማይለይ እንስሳ ሆኖ ሳለ፣ ይህኛው ዘመዶቹን ትቶ ከሰው ጋር መጎራበትን ስለመረጠ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ቀስ በቀስ መረባቸውን እየሰቀሉ፣ ዶልፊኑን ለማሳየት በጀልባ የሚወስዱትን ጎብኚ ማጥመድ ጀመሩ። ውሉም የታወቀ ነበር፦ ዶልፊኑ ካልታየ ክፍያ የለም። እንዲህ ባለ ውል የሚነግድ ሰው በየትኛውም አገር ይከስራል፤ እዚህ ግን ሠራተኛው ደመወዝ ሳይጠይቅ፣ ፈቃድ ሳይወጣ፣ የሕመም ማስረጃ ሳያቀርብ ሠላሳ ሰባት ዓመት አገለገለ። በ2000 በሕይወት እያለ የነሐስ ሐውልት ቆመለት፤ ይህን ክብር የሚመኙ፣ ግን ያላገኙ ፖለቲከኞች ብዙ ናቸው። በኦክቶበር 2020 ግን ሳይሰናበት ጠፋ። ጀልባዎች ወጡ፣ ጠላቂዎች ወረዱ፣ ፈንጊ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ጎብኚው ፎቶግራፍ የሚነሳው ከነሐሱ ጋር ነው። እውነቱን ለመናገር ነሐሱ ከዋናው ይልቅ ለሥራው የተመቸ ነው፤ አይጠልቅም፣ ጀርባውን አይሰጥም፣ ልጆችም ይጋልቡታል።

ከከተማዋ ወጥቶ ስሌ ሄድ የሚባለውን የባሕር ዳር ጫፍ የሚዞር መንገደኛ ቀጥሎ የሚያየው የብላስኬት ደሴቶችን ነው፤ ጉም ካልሸፈናቸው ማለቴ ነው። ትልቁ ብላስኬት ሐኪምም ቄስም ያልነበረው፣ ማዕበል ሲነሳ ከዓለም የሚቆረጥ ደሴት ስለነበረና ወጣቱም ወደ አሜሪካ ተሰድዶ ስላለቀ፣ የቀሩት ጥቂት ነዋሪዎች በ1953 በመንግሥት ውሳኔ ወደ ዋናው ምድር ተሻገሩ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ስለ ኑሯቸው በአይሪሽ ቋንቋ መጻሕፍት ጽፈው ነበርና፣ ዛሬ በደንኩዊን መንደር የእነርሱን ታሪክ የሚተርክና ደሴቲቱን በትልቅ መስኮት የሚያሳይ ማዕከል አለ። ጉም በወረደ ቀን እንግዳው የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ፣ በንጹሕ መስታወት ጉሙን ተመልክቶ ይመለሳል። በዚሁ አቅራቢያ በ1969 አንድ የፊልም ቡድን ሙሉ መንደር ከድንጋይ አስገንብቶ ነበር፤ ቀረጻው ሲያበቃ መንደሩ ፈረሰ። ስለዚህ ማንም ኖሮበት የማያውቅ፣ አሁን ደግሞ የሌለ መንደር ከሚታዩት ነገሮች ተራ ገብቷል።

ከተማዋ ራሷም ለጥቂት ዓመታት ከማይታዩት ወገን ነበረች። መንግሥት በ2005 በአይሪሽ ተናጋሪው አካባቢ ያሉ ቦታዎች ሕጋዊ ስማቸው የአይሪሹ ብቻ እንዲሆን ሲደነግግ፣ ዲንግል የሚል ካርታ ይዞ የመጣ ባዕድ በየመንገዱ የሚያነበው ሌላ ስም ሆነ። ነዋሪው በ2006 ድምፅ ሰጥቶ፣ 1,005 ለ70 በሆነ ውጤት ሁለቱም ስሞች ይሁኑልን አለ፤ አንዳንዱማ የሕጉን አካሄድ ሳይጠብቅ ቀለም ይዞ ወጥቶ ምልክቶቹን በገዛ እጁ አርሟል።

በእርግጥ የሚታየው ነገር የጋለረስ ጸሎት ቤት ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያለ ማያያዣ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ ተደርድሮ ተሠርቶ እስከ ዛሬ ዝናብ አያስገባም። ጎብኚዎች ውስጡ ገብተው ለረጅም ጊዜ ቆመው ሲታዩ ሰው ጸሎት ላይ ናቸው ብሎ ያስባል፤ ብዙዎቹ ግን ካፊያው እስኪያባራ ነው።

ካፊያው ካላባራ ደግሞ መጠጥ ቤት አለ፤ የዲንግል መጠጥ ቤት ግን መጠጥ ቤት ብቻ አይደለም። በአንዱ ግድግዳ ጠርሙስ ተደርድሮ በሌላው ምስማር፣ መዶሻና ቀለም የሚሸጥበት አለ፤ ቢራና የቆዳ ቀበቶ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙበትም አለ። ሚስቱ መዶሻ እንዲገዛ የላከችው ባል መምሸቱን ማን ይወቅሰዋል? ሄዷል፣ መዶሻውን ጠይቋል፣ መልሱን እየጠበቀ ነው። ወደ ቤት የተጋበዘ እንግዳም ቢሆን ቶሎ አይወጣም፤ ሻይ ሲቀርብለት የለም ማለት፣ የቤቱ እመቤትም የለም ማለቱን አለመስማት የሁለቱም ግዴታ ነውና፣ እኛ በጉርሻ ላይ «በሞቴ» እየተባባልን የምናደርገው ትግል እዚያ በሻይና በኬክ ይደረጋል። በዚህ መካከል ስለ ፈንጊ ይወራል። የት እንደሄደ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው በየጠረጴዛው አይጠፋም፤ የሁለት ጠረጴዛ ዕውቀት ግን አይገጥምም።

በብርዱ ወራት የሚመጣ ሰው የከተማዋ የሙዚቃ ዝግጅት ይደርሰዋል። በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታላላቅ ሙዚቀኞች ሰማንያ ያህል ሰው ብቻ በሚይዝ አዳራሽ ይዘፍናሉ፤ የተቀረው ሕዝብ ከሩቅ አገር ተጉዞ፣ ሆቴል ተከራይቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥቂት እርምጃ ርቆ በሚገኝ መጠጥ ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን ይመለከታል። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ኤሚ ዋይንሃውስ በ2006 እዚያ ዘፍናለች። ያን ምሽት ከመሠዊያው ፊት ተቀምጬ ሰምቻታለሁ የሚል ሰው ዲንግል ውስጥ መፈለግ አያስፈልግም፤ ራሱ ይመጣል፣ ወንበር ይስባል፣ የቀጣዩን ዙር መጠጥ ማን እንደሚከፍልም ይጠይቃል።