ማስተርስ ፍለጋ አንገሸገሸኝ

ሦስት ወር ሙሉ ማስተርስ ፍለጋ ላይ ነኝ። ከአፍሪካ አልወጣም ብዬ ነው የተነሳሁት። ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ካምፓላ ላይ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋመው ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲም ኬንያ፣ ናይጄሪያና ካሜሩን ውስጥ ያስተምራል። ትምህርቱ ሞልቷል። መንገዱ ነው የጠፋው!

ትናንት ማታ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ስር ቁጭ ብዬ በስልኬ የአንዱን ፎርም ስሞላ አመሸሁ። የድሬ ሙቀት ሸሚዜን ከጀርባዬ አጣብቆታል። መጨረሻ ላይ የማመልከቻ ክፍያ፣ 50 ዶላር፣ በካርድ ብቻ። የእኔ ካርድ ደግሞ ከአገር ውጭ አይሠራም። ብሩ እጄ ላይ እያለ መክፈል አቃተኝ። መላ ስፈልግ የፎርሙ መሙያ ሰዓት አለቀና የሞላሁት ሁሉ ጠፋ።

ሌላው የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት አምጣ ይላል። ከዘጠነኛ ክፍል እስከ ዲግሪ በምን ተማርኩና? ትራንስክሪፕት ለማስላክም የተመረቅኩበት ግቢ ሁለቴ ሄጃለሁ። ሁለቴም "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባልኩ። የሰው ዕድል በር ላይ ቆሞ ምን ዓይነት ስብሰባ ነው?

እናቴ በየማታው "ምን አሉህ ልጄ?" ትለኛለች። ቀነ ገደቡ አርብ ነው።