ለአንድ መድኃኒት ስንት ፓተንት?

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የስኳር በሽታ መድኃኒቱን ኢንሱሊንን ያገኙት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1923 ፓተንቱን (ሌላው ሳይፈቀድለት እንዳያመርት የሚከለክለውን የፈጠራ መብት) ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በነፍስ ወከፍ 1 ዶላር ሸጡት። ለሁሉም ይድረስ ብለው! ዛሬስ? ፓተንት በ20 ዓመት ያበቃል ይባላል። ኩባንያዎቹ ግን መድኃኒቱን ትንሽ ይቀይሩና አዲስ ፓተንት። የመወጊያ ብዕሩን ያሻሽሉና ሌላ ፓተንት። በርካሽ የሚያመርተው ደጅ ይጠናል።

ጣጣው ሐዋሳ ድረስ ይመጣል። እናቴ ብዕሩ ታዞላት ነበር። ፒያሳ አካባቢ የሚጠሩት ዋጋ ከጡረታዋ ጋር አይገናኝም። በብልቃጥና በሲሪንጅ ቀጠለች። ዓይኗ ስለደከመ የምትቀዳላት እህቴ ናት።

የፈጠረ ይካስ፣ አልቃወምም። ለትንሽ ማሻሻያ ግን የስኳር ታማሚ ለምን ይቀጣል? ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2005 ሕጓን አሻሽላ፣ የታወቀ መድኃኒት መልኩ ቢቀየርም ፈዋሽነቱ ካልጨመረ ፓተንት አይሰጠውም ብላለች። ሌሎቹን ምን ያዛቸው?