ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውስ?

ልጄ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ስድስት ዓመቷን ደፈነች። የካቲት 23 ቀን አባቷ አራዳ ጊዮርጊስ ይዟት ሄዶ፣ ለአድዋ በዓል ከነፈረሳቸው የመጡትን ሰዎች አይታ ስትመለስ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «የእኔ ልደት የፈረስ ይሁን» አለች። እሺ አልኳት። ለስድስት ዓመት ልጅ «እሺ» ማለት ፈርሞ ማኅተም እንደ ማሳረፍ መሆኑን የረሳሁት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ የልደት ዲኮር የሚሠራ አንድ ወጣት ጋ ደወልኩ። በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ሮዝና ወይን ጠጅ ፊኛ እንደ ቅስት ተደርድሯል፤ ከካርቶን የተቆረጠ ባለ ቀንድ ፈረስ መሃል ላይ ቆሟል፤ ለልጆቹ የቴክሳስ ባርኔጣና የአንገት መሐረብ ተዘጋጅቷል። ዋጋው 28,000 ብር፣ ኬክ ሳይጨምር። «ፈረሱ ምኑ ላይ ነው?» አልኩት። «ባክግራውንዱ ላይ» አለኝ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ድምፅ።

አልፈርድበትም። ሥራው ነው፣ ፈላጊም ሞልቶታል። ያለፉት ሁለት ዓመታት የተጠራንባቸውን የልጆች ልደቶች ሳስብ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ሳሎኑ እኩሌታ በዲኮር ይያዛል፣ ልጆቹ «አትንኩ» እየተባሉ ሶፋ ላይ ይደረደራሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ከዚያ ቴሌቪዥን ይከፈትላቸዋል። ፈረስ የጠፋበት ኮርቻ ገልቦ ያያል ይባላል። እኛ ኮርቻውን በ28,000 ብር ገዝተን ነው የምንገልበው። እኔ እንደምለው፣ ለፈረስ ልደት መጀመሪያ የሚፈለገው ሜዳ ነው፤ የቀረው በካልሲና በመጥረጊያ እንጨት ይሠራል።

ችግሩ ሜዳው ነው። የምንኖረው ልደታ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። (ልደታ ላይ ልደት ማክበር የሚለውን ቀልድ ባለቤቴ ስለጨረሰው አልደግመውም።) በብሎኮቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ቀን ከሌት መኪና ይቆምበታል። ግድግዳው ላይ ደግሞ «ኳስ መጫወት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ቀለሙ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ሌላው ግድግዳ ሲላላጥ እንኳ።

ወደ ሜዳው ከመመለሴ በፊት እናቴ ያነሣችውን ነገር ልጨርስ። እናቴ የተወለደችበትን ቀን በትክክል አታውቅም፤ «ገብሱ ሳይታጨድ» ነው የምትለው። ለልደት ሽር ጉድ ስል ስታየኝ «ክርስትና ተነሥታ የለም ወይ? ይኼ የፈረንጅ ነገር ምን ይጨምርላታል?» አለች። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፣ በየማኅበራዊ ገጹም ይጻፋል። ሻማ ማጥፋቱና «ሃፒ በርዝደይ»ው ከውጭ የመጣ መሆኑን ማንም አይክድም። ልደት ማክበር ራሱ ግን እንግዳ ነገር ነው? ገና ምንድነው? ልደት ነው። ግንቦት 1 ቀንስ? የልደታ ለማርያም ቀን ጎረቤት ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ቡናውን ይዞ፣ ከቤት ወጥቶ አይደለም እንዴ የሚቀመሰው? ገና ደግሞ ዱላና እሩር ይዞ ሜዳ የሚወረድበት ነው፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው በሳሎን ጨዋታ አይደለም። የእኛ የልደት በዓላት ሁለቱም ደጅ የሚያስወጡ ናቸው። ይህን ስነግራት እናቴ ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያው ደጅ አድርጊው» አለች። ከዚያ በኋላ የዝግጅቱ አለቃ እሷ ሆነች፤ ድፎ ዳቦው በኮባ ካልሆነ ብላም ሁለት ቀን መርካቶ አመላለሰችኝ።

ባርኔጣውን የተውኩት ባህል ለመስበክ ብዬ አይደለም። ልጄ ያየችው ፈረስ የቴክሳስ ስላልሆነ ነው። አራዳ ላይ የቆመው የምኒልክ ሐውልት በጥቅምት 1923፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ዋዜማ የተመረቀ ነው። ጣልያን ከተማዋን ሲይዝ ነቀለው፣ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ልጄን ግን ከዚህ ሁሉ ታሪክ ያሳሰባት የፈረሱ ሁለት የፊት እግሮች አየር ላይ መሆናቸው ነው። «አይደክመውም?» ትላለች፣ በዚያ ባለፍን ቁጥር። አባቷ የፈረሱ ስም ዳኘው እንደሆነ ነገራት፤ ንጉሡ ራሳቸውም «አባ ዳኘው» የሚባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። እዚህ ላይ ነው ልጅቷ ሙሉ በሙሉ የተያዘችው። ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል!

አዲስ አበባ ውስጥ ለሚኖር ወላጅ ከዚህ የተሻለ የልደት ጨዋታ ከየት ይመጣል? ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ ባልቻ ሆስፒታል አለ፤ የደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» የፈረስ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ጅማ ላይ ደግሞ አባ ጅፋር። የራስ መኮንን ፈረስ ስም ቃኘው ነበር፤ በ1943 ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የተጠራው በእሱ ነው። ፈረሱ ከሞተ ከስንት ዘመን በኋላ ስሙ ባሕር ተሻገረ። ስለዚህ የጥሪ ካርዱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጨመርን፦ «የፈረስህን ስም አስበህ ና።» ለሴቶቹ «አስበሽ ነይ»።

ፈረሶቹን የሠራነው ከአሮጌ የወንድ ካልሲ ነው። ጥጥ ተጠቅጥቆ ራስ ይሆናል፣ ቁልፍ ዐይን ይሆናል፣ የሹራብ ክር ጋማ ይሆናል፤ ራሱ በመጥረጊያ እንጨት ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። እንጨቱን ለትንንሾቹ እስከ 80 ሳንቲ ሜትር አሳጠርነው፤ መሬት የሚነካውንም ጫፍ በጨርቅ ጠቀለልነው። ረጅም እንጨት ከኋላ የሚከተለውን ልጅ ፊት ይመታል፤ ይህን የተማርነው በሙከራ ነው፣ በባለቤቴ ጉልበት ላይ።

አሥራ አንዱን ፈረስ ደረጃው ላይ ደርድሬ ስሰፋ የግቢያችን ጥበቃ ቀረብ ብለው አዩኝ። ከአገው ምድር የመጡ ሰው ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ በቀር አውርተን አናውቅም ነበር። «ልጄ፣ ይኼ ልጓም አይደለም» አሉ፣ የመጋረጃ ገመዱን እያዩ። ቁጭ ብለው ፈቱትና እንደገና አሰሩት፤ አንዱ ከአፍ በላይ፣ አንዱ ከጆሮ ኋላ፣ ከዚያ ዛቡ ወደ እጅ። እያንዳንዱንም በመልኩ ጠሩት። ቡናማው ካልሲ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ጨርቅ የለጠፍንበት ቦራ፣ ነጩ አምባላይ። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ እሳቸውም ጋልበው ያውቃሉ። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ነው፤ አድዋ ለዘመቱት ፈረሶች መታሰቢያ ይሆን ዘንድ። ይህን ሲነግሩኝ እጃቸው ካልሲዋን ያሻሻል፣ እንደ እውነተኛ ፈረስ አንገት። ሁለት ዓመት ሙሉ በራችን ላይ ፈረሰኛ ተቀምጦ እኔ የማውቀው የመኪና በር ከፋች ነበር።

ወንድሜ በበኩሉ እውነተኛ ፈረስ ላምጣ ብሎ ነበር፣ ከእንጦጦ በኩል የሚያከራይ ሰው አውቃለሁ እያለ። ጥበቃው ናቸው የከለከሉት። ከሁለት ኩንታል በላይ የሚመዝን፣ ከኋላው የሚመጣበትን የማያይ እንስሳ፣ አሥራ አንድ ሕፃን በሚንጫጫበት ሲሚንቶ ላይ? ፊኛ ቢፈነዳስ? «ፈረስ ሲፈራ ጌታውንም አያውቅም» አሉ። የሚበቃ መልስ ነው። እውነተኛ ፈረስ ማየት ለፈለገ ልጅ በ2013 የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ አለ፤ ጃንሜዳም ሩቅ አይደለም፤ ፈረሱ ባለበት ቦታ ሄዶ ማየት ይሻላል። ፈረስን ለሁለት ሰዓት ፎቶ ብሎ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማቆም ግን ለሱም ለልጆቹም አይበጅም። ጉልበቱ ሲያልቅ ከጋሪ ተፈትቶ አውራ ጎዳና ላይ የተጣለ ፈረስ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ባለፎቶ ቀንዳም ፈረስ የምናመልክ ሰዎች ያኛውን መስኮት ዘግተን እናልፈዋለን። ይህን ለሌላ ቀን ላቆየው።

ወደ ሜዳው ልመለስ። ኮሚቴው ዘንድ ሄድኩ። ኮሚናሉን ውሰጂ አሉኝ። ኮሚናሉ ለለቅሶና ለቅርጫ ደህና ቤት ነው፤ ለግልቢያ ግን አይሆንም። እኔ የፈለግሁት ቅዳሜ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት መኪኖቹ እንዲነሡልኝ ነበር። «ለልደት መኪና አናስነሣም፤ ነገ ሁሉም ይጠይቃል» ተባልኩ። ይጠይቅ እንጂ! ለድንኳን ሲሆን እኮ ማንም ሳይጠየቅ መኪናውን ያነሣል። ለሠርግ እናነሣለን፣ ለለቅሶ እናነሣለን። ለልጆች ሲሆን ግን «ልማድ ይሆናል» የሚል ፍርሃት ይመጣል። ልማድ ቢሆን ምን እንጎዳለን? በወር አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ሰዓት። ከከተማዋ መሃል እንዲህ ተደራርበን የምንኖር ሰዎች ለልጆቻችን ልንሰጣቸው ከምንችለው ስጦታ ሁሉ ርካሹ ይህ ነው፤ የሚጠይቀው ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው።

በመጨረሻ ከኮሚቴው ፈቃድ ይልቅ የጎረቤት ደጅ ማንኳኳት ይሻላል ብዬ ዘጠኝ ባለመኪናዎች ቤት ዞርኩ። ስምንቱ እሺ አሉ። ዘጠነኛው አገር ውስጥ አልነበረም፤ መኪናውን በብርድ ልብስ ሸፍነን «ተራራ» አደረግነው።

ዕለቱን በሙሉ አልተርክም። ፈረሱን ለመረከብ እያንዳንዱ ልጅ ስሙን ጮክ ብሎ መናገር ነበረበት። አባ መብረቅ መጣ፣ አባ ቺፕስም መጣ። ልጄ «አባ» አልልም ብላ «እማ ንፋስ» አለች፤ ከእሷ በኋላ የመጡት ሴቶች ሁሉ «እማ» ሆኑ። አንድ ትንሽ ልጅ እናቴ ጉያ ውስጥ ተሸጉጦ እምቢ አለ። ላባብለው ስል ጥበቃው «ተዪው፣ ፈረስም ሳይላመድ አይጫንም» አሉ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ራሱ መጥቶ አምባላዩን ነጠቀ፤ ስሙን እስከ ዛሬ አልነገረንም።

ዐይን ሸፍኖ ጭራ መለጠፍ የሚባለው ጨዋታ ከሸፈ፤ ሁሉም ያጭበረብራል። የተሳካው ያላሰብኩት ነው። ጥበቃው ጉግስ ላስጫውታቸው ሲሉ ደንግጬ ነበር፣ ጉግስ ዘንግ የሚወራወሩበት ስለሆነ። ዘንጉን በጨርቅ ኳስ ለወጥነው፤ ጋሻው የድስት ክዳን ሆነ። «ቼ! ቼ!» እያለ አንዱ ቡድን ይሸሻል፣ ሌላው ይወረውራል፣ ክዳኑ ይንኳኳል፣ ደግሞ ይገለበጣሉ። እናቶች በረንዳ ላይ ወጡ፣ አባቶች ወረዱ። ምግቡ ድፎ ዳቦ፣ ሳምቡሳ፣ እንዲሁም በወረቀት የተጠቀለለ የገብስ ቆሎ ነበር፤ ገብስ የፈረስ ቀለብ ነው ስላልናቸው ዘወትር አትክልት የማይቀምሱት ሁሉ እያኘኩ ለካልሲው አፍ ጭምር አቃመሱት። ባርኔጣ የት አለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ወጪያችን ኬኩን ጨምሮ ከዲኮሩ ዋጋ ሲሶ አልሞላም።

አሥር ሰዓት ላይ መኪኖቹ ተመለሱ። ፈረሶቹ ግን አልገቡም። ከዚያን ቀን ወዲህ ከትምህርት ቤት መልስ አሥራ አንዱም፣ ያልተጠሩትም በየቤታቸው አሠርተው ተጨምረው፣ በመኪኖች መሃል ሽምጥ ይጋልባሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ መስታወት ታጠፈ። አልተሰበረም፣ ታጠፈ። እሑድ ከሰዓት ስብሰባ ተጠርቷል፤ ጥሪው በር ላይ ተለጥፏል። አጀንዳ፦ አንደኛ የውሃ ፓምፕ፣ ሁለተኛ የጥበቃ ደመወዝ፣ ሦስተኛ ፈረስ።